ዲስክ-ኦን-ኪው ሲነቀል ከርነሉ ውስጥ ማን ይቀራል?

ከአሽዶድ፣ ከሮቫ ዩድ ቤት ነው የማወራችሁ። ማዳመጥ ለማይመቻችሁ ይኸው ጽሑፉን አስቀምጠነዋል። የተናገርኩትን ብዙም አላስተካከልኩትም፣ ስለዚህ «ያው» እና «በቃ» ቢበዛባችሁ ታገሡኝ።

የዛሬው ርዕስ ጠንከር ይላል። ኮምፒውተር ሳይንስ ወይም ሃንዳሳት ቶኽና የምትማሩ፣ በተለይ ለስቱደንት ሥራ ራእዮን የምትዘጋጁ፣ ጠጋ በሉ። ሌሎቻችሁም አትሂዱ፤ ነገሩ የሚጀምረው ሁላችንም ኪስ ውስጥ ከነበረ ዕቃ ነው።

አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቻችን ፍላሽ ይሉታል፣ እኛ ዲስክ-ኦን-ኪ እንላለን። የዕቃው ዓይነት መጠሪያ ይመስለናል እንጂ ስሙ የአንድ ድርጅት የንግድ ስም ነበር። ዶቭ ሞራን የመሠረተው የክፋር ሳባው ኤም-ሲስተምስ በ1999 የፓተንት ማመልከቻ አስገባ፤ በ2000 መጨረሻ ላይ ዕቃው ገበያ ወጣ። የመጀመሪያው የሚይዘው 8 ሜጋባይት ብቻ ነበር፣ ዛሬ ሁለት ሦስት ፎቶ ማለት ነው። በ2006 ኩባንያውን ሳንዲስክ ገዛው፣ ስሙ ግን እዚህ አገር ሰው አፍ ላይ ቀረ።

አሁን እስቲ አስቡት። ፊልም እየገለበጣችሁ ነው፣ ግማሽ ላይ ደርሷል፣ ታናሽ ወንድማችሁ መጥቶ መንጭቆ ነቀለው። ዕቃው የለም። የሚገለብጠው ፕሮግራም ግን አለ፤ ፋይሉን ከፍቶ እንደያዘ ነው። ከርነሉ ስለዚያ ዕቃ የጻፈው መዝገብም ሜሞሪ ላይ ተቀምጧል። ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው፦ መዝገቡ መቼ ይሰረዝ? ቶሎ ከተሰረዘ ያ ሜሞሪ ለሌላ ሥራ ይሰጣል፣ ፕሮግራሙ ተመልሶ ሲመጣ የሰው ቤት ይገባል። ጨርሶ ካልተሰረዘ ደግሞ በተሰካና በተነቀለ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ሜሞሪ እየባከነ ይሄዳል። ሁለተኛው ማሽኑን ያደክማል፤ የመጀመሪያው ግን ሌባ የሚገባበት በር ይከፍታል።

ከርነል ለማታውቁ ባጭሩ፦ በፕሮግራሞቹና በብረቱ መካከል የተቀመጠው የስርዓተ ክወናው ልብ ነው። ድራይቨር ደግሞ አንድን ዕቃ ማናገር የሚያውቅ የከርነሉ ክፍል ነው። የማወራው ስለ ሊኑክስ ነው፤ «እኔ ሊኑክስ የለኝም» የሚል አንድሮይድ ስልኩን ያውጣና ይየው፣ ውስጡ ያለው እሱ ነው።

ሊኑክስ ውስጥ እያንዳንዱ ዕቃ ስትራክት ዲቫይስ የሚባል መዝገብ አለው፣ እያንዳንዱ መዝገብም ወላጅ አለው። ይህን ሥርዓት በ2002 አካባቢ በዋናነት የሠራው ፓትሪክ ሞቸል ነው፤ በ2003 መጨረሻ ከወጣው ከ2.6 ከርነል ጋር ሁሉም ሰው እጅ ገባ። ዲስክ-ኦን-ኪውን ብትወስዱ፣ ወላጁ የተሰካበት ሃብ ነው። የሃቡ ወላጅ የኮምፒውተሩ ዋና የዩኤስቢ ሃብ ነው፣ የሱ ወላጅ ፒሲአይ ላይ ያለው ተቆጣጣሪ ነው፣ እንዲህ እያለ ወደ ላይ ይሄዳል። ወደ ታችም ዲስክ-ኦን-ኪው ራሱ ልጆች አሉት።

ሲስኤፍኤስ የሚባለውን ፎልደር ከፍታችሁ ብታዩ ይህ የዘር ሐረግ እንዳለ ተጽፏል። የዕቃው ስም ለምሳሌ 1-2.3 ነው። ሲነበብ፦ በአንደኛው ባስ፣ በሁለተኛው ፖርት ላይ ባለው ሃብ፣ ሦስተኛው ፖርት ላይ የተሰካው ማለት ነው። ይሄ እኮ የኛ አሰያየም ነው! የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። እዚህ አገር መታወቂያ ላይ የብዙዎቻችን አያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ቆመ እንጂ፣ ከርነሉ እንደ ሽማግሌዎቻችን ዘር መቁጠሩን አልተወም። ሰባት ቤት ቁጠር ብትሉት ይቆጥርላችኋል።

ሐረጉ ግን ለስም ብቻ አይደለም። ላፕቶፑን ስትዘጉትና ሲተኛ መጀመሪያ የሚተኙት ልጆቹ ናቸው፣ ከዚያ ወላጆቹ። ሲነቃ በተቃራኒው ወላጅ ቀድሞ ይነሳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሃቡ ቀድሞ ከተኛ ዲስኩን «ተኛ» የሚል መልእክት በየት በኩል ይሄዳል? ሲነቀልም እንዲሁ ነው። ሃቡን ከነልጆቹ ብትነቅሉት እንኳን ከርነሉ የሚያሰናብተው ከቅጠሉ ጀምሮ ነው፣ ልጅ መጀመሪያ፣ ወላጅ በኋላ። አንዴ ይህን ቤት ውስጥ ጮክ ብዬ ሳጠና እማዬ ሰማችኝ። «ልጅ ከወላጅ በፊት ይወገዳል» ስል «ምን ዓይነት ሟርት ነው እሱ!» አለች። በአማርኛ ሲነገር እውነትም ያስደነግጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዕቃው አንድ ዕድሜ ብቻ ያለው ስለሚመስለው ነው። ሦስት ነው ያለው። አንደኛው የብረቱ ዕድሜ ነው፤ ከተሰካበት እስከተነቀለበት። ሁለተኛው ድራይቨሩ ከዕቃው ጋር የተሳሰረበት ጊዜ ነው፤ ፕሮብ ከሚባለው ፈንክሽን እስከ ሪሙቭ። ሦስተኛው ደግሞ የመዝገቡ፣ የሜሞሪው ዕድሜ ነው። ሦስቱ አንድ ላይ አያልቁም። ብረቱ ወንድማችሁ ኪስ ውስጥ ገብቶ፣ ድራይቨሩ ተሰናብቶ፣ መዝገቡ ግን ገና ሜሞሪ ላይ ሊቆይ ይችላል፤ መቆየትም አለበት፣ ምክንያቱም የያዘው ሰው አለ።

የሠርግ ዳስ አስቡ። ሠርጉ አልቋል፣ ሙሽሮቹ ሄደዋል፣ በሩም ላይ «ከእንግዲህ አዲስ እንግዳ አይገባም» ተብሏል። ውስጥ ግን እየበሉ ያሉ ሰዎች አሉ። ምሰሶውን ነቅላችሁ ዳሱን ራሳቸው ላይ አትጥሉትም። ዳሱ የሚፈርሰው የመጨረሻው እንግዳ ሲወጣ ነው። በሩን መዝጋት አንድ ነገር ነው፣ ዳሱን ማፍረስ ሌላ ነገር ነው። ከርነሉ ውስጥ በሩን የሚዘጋው ዲቫይስ ዴል ይባላል፤ ዳሱን የሚያፈርሰው ደግሞ ሪሊስ የሚባለው ፈንክሽን ነው።

እንግዶቹ የሚታወቁት በቆጠራ ነው። መዝገቡ ሲጀመር ቁጥሩ 1 ነው። ሊይዘው የፈለገ ሁሉ ጌት ዲቫይስ ይጠራል፣ ቁጥሩ በአንድ ይጨምራል። የጨረሰ ፑት ዲቫይስ ይጠራል፣ በአንድ ይቀንሳል። ዜሮ ሲደርስ ከርነሉ ራሱ ሪሊስን ይጠራል፣ ያኔ ሜሞሪው ይለቀቃል። ከዚህ የሚከተለው ሕግ በጣም ጥብቅ ነው፦ ቆጠራው አንዴ ከተጀመረ ሜሞሪውን በቀጥታ ኬፍሪ ማድረግ አይቻልም፤ መዝገቡ ያንተ የግል ንብረት መሆኑ ቀርቷል። ምዝገባው ባይሳካም እንኳን! ዲቫይስ ሬጂስተር ስህተት ከመለሰ ትክክለኛው መልስ ፑት ዲቫይስ ነው። ኬፍሪ ካደረግህ ቢያንስ ለዕቃው ስም የተያዘችው ሜሞሪ ባክና ትቀራለች።

ሪሊስ ፈንክሽን የሌለው ዕቃም አለ፣ ማለትም ጸሐፊው የረሳው። ከርነሉ ዝም አይልም፤ ይህ ዕቃ የተሰበረ ነው፣ ይስተካከል ብሎ ይጮኻል። አንዳንዱ ደግሞ ጩኸቱን ለማቆም ባዶ ሪሊስ ይጽፋል፤ ምንም የማይሠራ። የከርነሉ ሰነድ ላይ እንዲህ የሚያደርግ ሰው እንደሚሾፍበት በግልጽ ተጽፎ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ የእሳት ማስጠንቀቂያው ጮኸ ብሎ ባትሪውን እንደማውጣት ነው።

እዚህ ላይ አንዲት አድማጭ የጠየቀችኝን ላንሳ፤ ጥያቄዋ ጥሩ ነው። ልጅ ወላጁን ይዞ ይቆያል ወይ? አዎ፣ ግን እስከ ጊዜው ድረስ ነው። ዕቃው ሲመዘገብ ከርነሉ በልጁ ስም የወላጁን ቆጠራ በአንድ ይጨምራል፣ ስለዚህ ልጁ ተመዝግቦ እያለ የወላጁ መዝገብ ከሥሩ አይጠፋም። ዲቫይስ ዴል ሲጠራ ግን ያ ይለቀቃል። አስተውሉ፦ በሩ ሲዘጋ ነው የሚለቀቀው፣ ዳሱ ሲፈርስ አይደለም። በዚህ መካከል ያለው ልጅ፣ ከመዝገብ ወጥቶ ግን ገና የሚጠቀምበት ሰው ያለው፣ ወላጁን ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ ሪሊስ ፈንክሽናችሁ ወላጁን የሚነካ ከሆነ ወላጁን ራሳችሁ በጌት ዲቫይስ ያዙት፣ መጨረሻ ላይ ልቀቁት። ይህን ኮርስ ላይ ማንም ሲናገረው አልሰማሁም፤ ኮዱን ሳነብ ነው ያየሁት።

ሌላም አለ። ወላጁን መያዝ ማለት መዝገቡን መያዝ ማለት ነው እንጂ ወላጁ እንዲሠራ ማስገደድ አይደለም። ሃቡ ተነቅሎ ከሆነ መዝገቡን ብትይዙትም አይመልስላችሁም። ስለዚህ ድራይቨሩ ሁለት ነገር መጠየቅ አለበት፦ መዝገቡ አለ ወይ? ዕቃውስ አሁንም ይሠራል ወይ? ቆጠራው የሚመልሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

በሩ ተከፍቶ ሌባ ይገባል ያልኩት ለማስፈራራት አይደለም። በ2016 የታወቀ ስህተት አለ፣ ቁጥሩ ሲቪኢ-2016-2384 ነው። በዩኤስቢ የሚሰኩ የሙዚቃ ኪቦርዶችን የሚያናግረው ድራይቨር ውስጥ ነበር። አንድሬ ኮኖቫሎቭ የሚባል ተመራማሪ ነው ያገኘው፣ ማስተካከያውንም ራሱ ጻፈ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ድራይቨሩ መዝገብ ይፈጥራል፣ ለድምፅ ክፍሉ ያስረክበዋል። ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ካልተሳካ ድራይቨሩ «የኔ ነው» ብሎ ይለቀዋል። የድምፅ ክፍሉም ሲያጸዳ «የኔ ነው» ብሎ እንደገና ይለቀዋል። አንድ ሜሞሪ ሁለት ጊዜ ተለቀቀ። ሆን ብሎ የተበላሸ መረጃ የሚሰጥ ዕቃ ያዘጋጀ ሰው፣ ሰክቶት ቢያንስ ማሽኑን መጣል ይችል ነበር። ከ4.5 ከርነል ጀምሮ ተዘግቷል። ማስተካከያው ከባድ አልነበረም፤ ካስረከብክ በኋላ አትልቀቅ፣ ያ ብቻ ነው። ጎበዝ ፕሮግራመር ሳይጠፋ ስህተቱ የገባው ንብረቱ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ የትም ስላልተጻፈ ነው።

ቀጥለን ዴቭኤም የሚባለውን እንይ፤ ራእዮን ላይ ቢጠየቅ አይገርመኝም። በ2007፣ ከ2.6.21 ጋር፣ ቴጁን ሄዎ ያመጣው ዘዴ ነው። ድራይቨር ሲጀምር አሥር ነገር ይጠይቃል፦ ሜሞሪ፣ ኢንተራፕት፣ ሰዓት። ስድስተኛው ላይ ካልተሳካ አምስቱን በተቃራኒ ቅደም ተከተል መመለስ አለበት፣ ሰውም ሁልጊዜ አንዱን ይረሳል። በዴቭኤም ከጠየቃችሁ ግን ከርነሉ ዝርዝሩን ይዞ ድራይቨሩ ሲሰናበት ወይም ሲከሽፍ ራሱ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ግሩም ነገር ነው፣ ኮዱ በግማሽ ያጥራል።

ወጥመዱ የት ነው? «ድራይቨሩ ሲሰናበት» የሚለው ላይ። ከሦስቱ ዕድሜዎች ሁለተኛው ነው እንጂ ሦስተኛው አይደለም። ካሜራ ውሰዱ። በዙም ትምህርት ላይ ናችሁ፣ ፕሮግራሙ የካሜራውን ፋይል ከፍቶ ይዟል፣ ገመዱ ተነቀለ። ሪሙቭ ይጠራል፣ ወዲያው ዴቭኤም ሜሞሪውን ይለቃል። ዙም ግን ፋይሉን ገና አልዘጋም። ሲዘጋው ከርነሉ ወደ መዝገቡ ይሄዳል፣ መዝገቡ የለም። እንግዳው ላይ ዳሱ ወደቀ ማለት ነው።

በዚህ ላይ የከርነል ሰዎች በአደባባይ ተከራክረዋል። በ2022 ደብሊን በተደረገው የሊኑክስ ፕላምበርስ ጉባኤ ሎራን ፒንሻር ዴቭኤም-ኬዛሎክ ጎጂ ነው ብሎ ንግግር አደረገ። በ2023 ብራስልስ፣ ፎስዴም ላይ፣ ባርቶሽ ጎላሼቭስኪ ዴቭኤምን አትውቀሱት ብሎ መለሰ፤ ችግሩ ያለው የከርነሉ ክፍሎች ዕቃ ድንገት ሲጠፋ መቋቋም ስለማይችሉ ነው አለ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ጎላሼቭስኪ ይበልጥ ያሳምነኛል፣ ምክንያቱም ዴቭኤምን ብትከለክል እንኳ ሰው ሪሙቭ ውስጥ በእጁ ኬፍሪ ይጽፋል፣ ውጤቱ ያው ነው። የፒንሻር ንግግር ግን ባይኖር ይህ ውይይት አይነሳም ነበር።

ደግሞም አውርቶ ብቻ አልቀረም። ጎላሼቭስኪ የሚጠብቀውን የጂፒአይኦ ክፍል በ2024፣ በ6.9 ከርነል፣ አደሰው። ሐሳቡ ደስ ይላል፤ መዝገቡን ለሁለት መክፈል ነው። አንደኛው የድራይቨሩ ነው፣ ከድራይቨሩ ጋር ይሄዳል። ሁለተኛው የከርነሉ ነው፣ በቆጠራ ይኖራል፣ ፕሮግራሞች የሚይዙትም እሱን ነው። ድራይቨሩ ሲሄድ በሁለቱ መካከል ያለው ገመድ ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ፕሮግራም ሁለተኛውን ያገኛል፣ «ባለቤቱ ሄዷል» የሚል የስህተት ቁጥር ይቀበላል፣ በሰላም ይመለሳል። ማንም አይወድቅም።

እስካሁን ያወራነው ስለሚነቀል ዕቃ ነው። የማይነቀል ዕቃም ቤተሰብ አለው፤ ጥሩ ምሳሌ ደግሞ እዚሁ አገራችን ተሠርቷል። ሜላኖክስ በ1999 ዮክነዓም የተመሠረተ ኩባንያ ነው፣ በ2020 ኤንቪዲያ በ7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዝቶ ጨረሰው። ዳታ ሴንተር ውስጥ የሚገቡ የኔትወርክ ካርዶች ይሠራል። ካርዱ ብረቱ አንድ ነው፣ ሥራው ግን ሁለት ሦስት ነው፦ ተራ ኢተርኔት ነው፣ አርዲኤምኤም ነው። እነዚህ ከርነሉ ውስጥ በተለያዩ ክፍሎች፣ በተለያዩ ሰዎች ይጠበቃሉ። አንድ አካል ሁለት ቤት እንዴት ያገለግላል?

ለረጅም ጊዜ እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱን ዘዴ ይፈጥር ነበር። በ2021 መጀመሪያ በወጣው 5.11 ከርነል ኦግዚለሪ ባስ የሚባል የጋራ መንገድ ገባ፤ የኢንቴል ሰዎች ኮዱን አመጡ፣ የሜላኖክስ ሰዎችም አብረው ሠሩበት፣ ኤምኤልኤክስ 5 የተባለው ድራይቨራቸውም ወዲያው ወደሱ ተዛወረ። ዋናው ድራይቨር ወላጅ ይሆናል፣ ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ልጅ ዕቃ ይወልዳል። ብረት የሌለው፣ ለሥራው ብቻ የተፈጠረ ልጅ ነው። የኢተርኔት ድራይቨር መጥቶ አንዱን ልጅ ያሳድጋል፣ የአርዲኤምኤ ድራይቨር ሌላውን።

ሕጎቹ እስካሁን ካልነው ቀጥታ ይወጣሉ። ወላጁ የራሱን ሪሙቭ ከመጨረሱ በፊት ልጆቹን በሙሉ ከመዝገብ ማውጣት አለበት፤ ከርነሉ በራሱ አያወጣለትም። ልጁን የያዘው ድራይቨር ደግሞ ከወላጁ ጋር የሚጋራውን ነገር መንካት የሚችለው ልጁ ተመዝግቦ እስካለ ብቻ ነው። የልጁን ሜሞሪ የሚለቀው ሪሊስ ነው። አሁን ለራእዮን የምትዘጋጁ አንድ ጥያቄ፦ ኦግዚለሪ ዲቫይስ ኢኒት ካልተሳካ ምን ታደርጋላችሁ? ኢኒት ተሳክቶ አድ ካልተሳካስ? ቆም አድርጉትና አስቡ።

እሺ። ኢኒት ካልተሳካ ቆጠራው ገና አልተጀመረም፣ ሜሞሪው አሁንም የእናንተ ነው፣ ራሳችሁ ልቀቁት። ኢኒት ከተሳካ በኋላ አድ ከከሸፈ ግን ቆጠራው ተጀምሯል፣ ስለዚህ አንኢኒት የሚባለውን ትጠራላችሁ፣ ሪሊስ ቀሪውን ይሠራል። ሁለቱን የሚለያቸው አንድ መስመር ኮድ ነው። «ለምን?» ሲባል በቆጠራው በኩል ያስረዳ ሰው የተሸመደደ መልስ እንዳልያዘ ያስታውቃል።

ሐረጉ ሁሉን ነገር አይገልጽም፣ ይህን በፍጥነት ልበል። የስልካችሁ ስክሪን መብራት የሚያገኘው ከሌላ ቺፕ ነው፣ ያ ቺፕ ግን ወላጁ አይደለም። ጎረቤት ነው፤ የጎረቤት ጄኔሬተር ላይ ገመድ እንደመሳብ። ለዚህ በ2017 በ4.10 ከርነል ራፋኤል ቪሶትስኪ ዲቫይስ ሊንክ የሚባል ነገር አስገባ፦ አንዱ ሰጪ፣ ሌላው ተቀባይ፣ ሰጪው ከመሰናበቱ በፊት ተቀባዩ ይሰናበታል። በአንድ ዛፍ የማይጻፍ ዝምድና በዚህ ይጻፋል።

መሞከር ለምትፈልጉ። ማንኛውም ኮምፒውተር ላይ ቨርቹዋል ማሽን ክፈቱ፣ የራሳችሁን ከርነል ኮምፓይል አድርጉ። ሁለት ነገር አብሩ፦ አንደኛው ካሳን ነው፣ የተለቀቀ ሜሞሪ ሲነካ ወዲያው ይጮኻል። ሁለተኛው ዲበግ ኬኦብጀክት ሪሊስ ነው፣ ዳሱ የሚፈርስበትን ጊዜ ሆን ብሎ ያዘገየዋል፣ በዕድል የተሸፈነ ስህተት እንዲወጣ። ከዚያ በአንዱ ተርሚናል የዕቃውን ፋይል ክፈቱና እንደተከፈተ ተዉት። በሌላው ተርሚናል ሲስኤፍኤስ ውስጥ የድራይቨሩን ፎልደር ፈልጉ፣ አንባይንድ የሚል ፋይል አለ፣ የዕቃውን ስም ጻፉበት። ምንም ገመድ ሳትነኩ ድራይቨሩ ከዕቃው ይለያያል። ለዚህ ነው «የኔ ዕቃ ቦርዱ ላይ ተበይዷል፣ ማን ይነቅለዋል» የሚለው መከራከሪያ የማይሠራው። አሁን የመጀመሪያውን ተርሚናል ዝጉና የከርነሉን መልእክት አንብቡ። ካሳን ከጮኸ፣ ከሦስቱ ዕድሜዎች የትኛው ከየትኛው ጋር እንደተምታታ ፈልጉና ያገኛችሁትን ጻፉልን፤ በዕብራይስጥም በአማርኛም ይሁን፣ አነባለሁ።

ለዛሬ እዚህ ላይ ላቁም። ቻው፣ ደህና ሁኑ።